አዲስ የተሠራ የቮልስ ሞተር ሲሞቅ ከቫልቭ በኩል ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ከየት ልጀምር?

ቀይዋ ቮልስ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የሞተር ድምፅ የምትለዩ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ። የ1971 ሞዴል ቢትል አለኝ፣ ሞተሩ 1600 ነው፣ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ተፈቶ ነው የተሠራው። ኮሎው (ዋናው የሞተር ዘንግ) ተሞርዶ ብሮንዚና (ኮሎው የሚዞርበት ማረፊያ) ተቀይሯል፣ ካሙ (ካምሻፍት፣ ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) እና ታፔቱ (ካሙ ላይ አርፎ የሚገፋው) አዲስ ነው፣ ፒስተንና ሲሊንደር አዲስ፣ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሲሊንደር ራስ) ላይ ደግሞ የቫልቭ ጋይድ (የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትበት ቱቦ) እና መቀመጫ ተሠርቷል። ጠዋት ሳስነሳው በጣም ደስ የሚል ድምፅ ነው ያለው። ትንሽ ነድቼው በደንብ ሲሞቅ ግን ከሁለቱም ጎን ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይጀምራል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጠው) በጣም ይሰማል፣ ነዳጅ ስሰጠው አብሮ ይፈጥናል። ከዛ ሌላ ደግሞ በግራ በኩል ከፊት ጥግ አካባቢ ገና ቀዝቃዛ እያለ የምትሰማ ቀጭን ድምፅ አለች፣ እሷ እንደውም ሲሞቅ የምትጠፋ ይመስለኛል ወይ በሌላው ድምፅ ተውጣ ነው እንጃ። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዞ በ0.15 ሚሜ ነው የተስተካከለው፣ ደግሜ አስለክቼው ያው ነው። የሠራው ሰው አዲስ ሞተር ነው ይለምዳል አለኝ፣ እኔ ግን አልዋጠልኝም። ምን ላይ ልፈልግ?

ናፍጣ አልወድም፦
እህቴ አትጨነቂ ቮልስ እኮ ሲፈጠርም ጠቅ ጠቅ ይላል። ወፈር ያለ ዘይት 20ደብሊው50 አድርጊበት ይቀንሳል። የኔም እንደዛ ነበር አሁን ጭጭ ብሏል።

ጋሽ ቴስታታ፦
ልጄ ዘይቱን ከመቀየርሽ በፊት ትንሽ ታገሺኝ። ወፍራም ዘይት ድምፁን ሊሸፍነው ይችላል፣ ድምፁን ያመጣውን ነገር ግን አያስተካክለውም። አዲስ በተሠራ ሞተር ላይ ደግሞ ድምፅ መሸፈን በጣም ነው የምፈራው፣ ምክንያቱም አዲስ ካምና አዲስ ታፔት ከተበላሹ የሚበላሹት ገና በመጀመሪያው ሰዓት ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ጆሮሽ ነው የሚያድንሽ።

እኔ ሁሌ የማስቀድመው ጥያቄ ድምፁ መቼ ይመጣል የሚለውን ነው። ከየት ይመጣል የሚለው ከዛ በኋላ ነው። ቀዝቃዛ እያለ ኖሮ ሲሞቅ የሚጠፋ ጠቅታ ብዙ ጊዜ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ማስተንፈስ ነው፣ ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋና ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ቀዝቃዛ እያለ ሳይኖር ሲሞቅ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ የሆነ ቦታ ላይ ክፍተት እያሰፋ ነው። ሙቀት የማይለውጠው፣ ሁሌም ያለ ከሆነ ያን ጊዜ የተበላ የሮከር (ቫልቩን ተጭኖ የሚከፍተው መዶሻ) ዘንግ፣ የተጎዳ የካም ጉብታ፣ የላላ የቫልቭ ጋይድ፣ የተሰበረ ሞላ እንፈልጋለን። አንቺ የነገርሽን ስለ አንድ ድምፅ አይደለም፣ ሁለት ድምፅ ነው። አንዱ ሲሞቅ ይመጣል፣ አንዱ ሲሞቅ ይሄዳል። ሁለቱን ቀላቅለሽ መፍትሄ ከፈለግሽ መጨረሻ የለውም።

ሦስት ነገር ንገሪኝ። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሳ ቀን ወዲያው ወደ 2000 ዙር ከፍ ተደርጎ ወደ 20 ደቂቃ ሠርቷል ወይስ ሚኒሞ ላይ ቆሞ ነበር? ሞቃቱ ድምፅ ከአንድ ቫልቭ ነው ወይስ ከብዙ? ፑሽሮዶቹስ (ከታፔቱ ወደ ሮከሩ የሚገፉት ቀጫጭን ዘንጎች) የድሮዎቹ ናቸው ወይስ ተቀይረዋል?

ቦቢና፦
ጋሽ ቴስታታ ባሉት ላይ ልጨምር፣ ድምፁ በርግጥ ከቫልቭ በኩል መሆኑን ሳናረጋግጥ ሩቅ እንዳንሄድ። ታይሚንግ ላይት (ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ የሚል መብራት) ካለሽ የአንደኛውን ካንዴላ ገመድ ላይ ቆንጥጪውና መብራቱን እያየሽ ድምፁን አዳምጪ። ብልጭታው የሚመጣው ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ነው። ካሙም በኮሎው ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ አንድ ቫልቭ ብቻ ላልቶ ከሆነ በእያንዳንዱ ብልጭታ አንድ ጠቅታ ትሰሚያለሽ። በአንድ ብልጭታ ሁለቴ የሚመታ ወፍራም ዱክ ዱክ ከሆነ ግን ከኮሎው ጋር የሚሄድ ነገር ነው፣ ያኔ ሞተሩን አጥፊና ስለ ቫልቭ ማውራት እናቁም።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ ቮልስ ላይ የቤንዚን ፓምፑም ከዲስትሪቢዩተር ማዞሪያው ዘንግ ላይ ነው የሚገፋው፣ እሱም በኮሎው ግማሽ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ስለዚህ የፓምፑ ጠቅታም ልክ እንደ ቫልቭ ከብልጭታው ጋር ይገጥማል። እሱን ለመለየት ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ፓምፑ ላይ አድርገሽ እጀታውን ጆሮሽ ላይ አስደግፊ። ከዛ በየሮከር ሽፋኑ ላይ እንደዛው አድርጊ። ከቺንጋውና ከፑሌጃው እጅሽንም ፀጉርሽንም አርቂ አደራ።

ቀይዋ ቮልስ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ቦቢና አመሰግናለሁ። መልሱ ይኸው። መጀመሪያ የተነሳ ቀን እኔ እዛው ነበርኩ፣ ወዲያው ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር፣ ሚኒሞ አላወረደውም፣ ሰዓትም ይዞ ነበር። ቤንዚን ፓምፑን በካቻቢቴ ሰማሁት ትንሽ ይሰማል ግን እሱ አይደለም፣ ከሮከር ሽፋኖቹ ላይ ነው ጎልቶ የሚመጣው። በታይሚንግ ላይት ለመቁጠር ሞከርኩ ግን በአንድ ብልጭታ አንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ብዙ ነው፣ እንደ ዝናብ ነገር ከሁለቱም በኩል። ወፍራም ድምፅ የለም። ስለ ፑሽሮዱ ደውዬ ጠየቅኩ፣ የድሮዎቹ ሁለቱ ጎብጠው ስለነበር ሙሉውን በአዲስ ቀይሬዋለሁ ጠንካራ ናቸው አለኝ። ጠንካራ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ስፓና 13፦
ጠንካራ ማለቱ ብረት ነው ማለት ነዋ! እዚህ ጋ ነው ነገሩ ያለው ብዬ እወራረዳለሁ። የቮልስ ኦሪጅናል ፑሽሮድ አሉሚኒየም ቱቦ ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ የብረት ቆብ አለው። ለእሽቅድምድም የሚሸጡት ግን ሙሉ በሙሉ ብረት ናቸው፣ ክሮሞሊ የሚባለው። ለማወቅ ቀላል ነው ማግኔት ያዢ። የሮከር ሽፋኑን አውርጂ፣ የሮከር ዘንጉን የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ፍቺና ዘንጉን አንሺው፣ አንዱን ፑሽሮድ ሳቢና መሀሉ ላይ ማግኔት ጠጋ አድርጊ። ጫፉ ላይ እንዳታረጊው እዛ ሁሌም ይይዛል። መሀሉ ላይ ከያዘ ብረት ነው። የትኛው ከየት እንደወጣ እንዳይቀላቀልብሽ ካርቶን ላይ ቀዳዳ ሠርተሽ በተራ ሰኪያቸው።

ብሮንዚና፦
ብረት ሆነም አሉሚኒየም ክፍተቱን 0.10 አድርጊው በቃ ድምፁ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የድሮ መጽሐፍ ላይ 0.10 አይቶ እሱን ነው የሚያደርገው።

ጋሽ ቴስታታ፦
ብሮንዚና ወንድሜ በዚህ አልስማማም። ይህች ሞተር ኦሪጅናል ፑሽሮድ ይዛ ቢሆን 0.15 ነው ትክክለኛው፣ ለመግቢያውም ለማውጫውም። ለድምፅ ብሎ ከዛ ማጥበብ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ያቃጥላል። የጭስ ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያስወግደው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ባረፈበት ጊዜ ነው፣ ከዛ ወደ ቴስታታው ይሄዳል። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ የሚያርፍበት ጊዜ ያጥራል፣ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ በደንብ አይዘጋም፣ ጠርዙ ይቃጠልና ኮምፕሬሽን ይጠፋል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ በተለይ 3ኛው ሲሊንደር ሙቀት ስለሚበዛበት መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። የላላ ቫልቭ ይጮህና ያስጠነቅቅሻል፣ የጠበቀ ቫልቭ ግን ዝም ብሎ ነው የሚቃጠለው።

አሁን ስፓና 13 ወዳለው እንምጣ፣ እኔም የምጠረጥረው እሱን ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ ልጄ፣ ሲገባሽ ሌላ ጊዜም ይጠቅምሻል። የዚህ ሞተር ቋት ማግኒዚየም ቅይጥ ነው፣ ሲሊንደሩ ቀልጦ የተቀረጸ ብረት (ካስት አይረን)፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ሲሞቅ ሁሉም ይሰፋል፣ ስለዚህ ቴስታታው ከካሙ እየራቀ ይሄዳል። ፑሽሮዱ አብሮ ካልረዘመ ክፍተቱ ይሰፋል። ፋብሪካው አሉሚኒየም የመረጠው ለዚህ ነው፣ ቅለቱ እንዳለ ሆኖ ከሞተሩ ጋር አብሮ እንዲያድግ። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 23 እጅ ያህል ይረዝማል፣ ብረት 12 እጅ ያህል። ወደ 270 ሚሜ የሚሆን ዘንግ ውሰጂና ሙቀቱ በ70 ዲግሪ ይጨምር ብለሽ አስቢ። አሉሚኒየሙ 0.43 ሚሜ ይረዝማል፣ ብረቱ 0.23 ብቻ። ልዩነቱ 0.2 ሚሜ ነው። ይሄ ከ0.15 ራሱ ይበልጣል! ቀዝቃዛ እያለ በ0.15 ያስተካከልሽው የብረት ፑሽሮድ ሲሞቅ ክፍተቱ አሉሚኒየም ቢሆን ከሚኖረው በዛ ያህል ሰፍቶ ነው የሚያገኝሽ፣ ሮከሩም ትንሽ ይጨምርበታል። ጠዋት ዝም ብሎ ሲሞቅ ስምንቱም አንድ ላይ የሚጮሁት ለዚህ ነው። የተበላሸ ካም ቢሆን አንድ ሁለቱ ናቸው የሚጮሁት፣ ስምንቱም በአንድ ቀን ተበላሽተው አይገኙም።

ቀይዋ ቮልስ፦
ጋሼ እንዳሉት ነው!! ማግኔቱ መሀሉ ላይ ተለጥፎ ቀረ፣ ሁሉንም አየሁ ስምንቱም ብረት ናቸው። ሲነኩም ከኦሪጅናሎቹ ከበድ ይላሉ፣ አንዷ ያልጎበጠች የድሮ ፑሽሮድ ሰጥቶኝ ስለነበር አነጻጸርኩ። ርዝመታቸው ከሷ ጋር እኩል ነው ቀዝቃዛ እያሉ። አሁን ምን ላድርግ፣ ልመልሳቸውና አሉሚኒየም ልግዛ ወይስ ማስተካከያው ብቻ ይበቃል?

ስፓና 13፦
ሁለቱም ይሠራል። የከተማ መኪና ከሆነች እኔ አሉሚኒየሙን ነው የምመርጠው፣ ከሞተሩ ጋር ስለሚያድግ በቀዝቃዛም በሞቃትም ፀጥ ይላል። የብረቱ ጥቅም ጠንከር ያለ ሞላና ከፍ ያለ ዙር ላላቸው ሞተሮች ነው። ግን ብረቶቹ አንዴ ከተገጠሙና ትክክለኛው አስተካከል ከታወቀ ምንም አይሆኑም። የብረቱ ደንብ ቀዝቃዛ እያለ ዜሮ ነው፣ ግን ልል ዜሮ። ማለትም ሮከሩን ወደ ላይ ወደ ታች ስታንቀሳቅሺው ምንም መንገዳገድ የለም፣ ፑሽሮዱ ግን በሁለት ጣት ያለ ምንም ትግል ይዞራል። ለመዞር ከታገለሽ አጥብቀሻል ማለት ነው ትንሽ መልሺው።

ከማስተካከልሽ በፊት አደራ ሁለት ነገር እይ። ፑሽሮዶቹ ላይ ከጎን የተፋቀ የሚያብረቀርቅ መስመር ካለ እይ፣ የብረቶቹ አንዳንዱ ወፈር ስለሚል ከሽፋን ቱቦው ጋር ይታሻል፣ እሱም ራሱን የቻለ ድምፅ ነው። ሌላው ቫልቩ ግማሽ ድረስ ሲከፈት ማስተካከያ ብሎኑ ከቫልቩ ዘንግ ጋር ቀጥ ብሎ መሆን አለበት። ቴስታታ ተሞርዶ ወይ የቫልቭ መቀመጫ ተሠርቶ ቫልቩ ወደ ውስጥ ሲሰጥም ይሄ ይዛባል፣ ያኔ ሮከሩ የቫልቩን ጫፍ ወደ ጎን እየገፋ ጋይዱን ይበላዋል። ከተዛባ ከሮከር ድጋፉ ሥር ሮንዴላ ይገባል ወይ የፑሽሮዱ ርዝመት ይቀየራል።

ቀይዋ ቮልስ፦
መስመር የለም፣ ተመስገን። ግማሽ ላይ ሲከፈትም ቀጥ ያለ ይመስላል በዓይኔ። ራሴ ላስተካክለው ነው የወሰንኩት፣ ቅደም ተከተሉን አንድ ሰው ይጻፍልኝ እባካችሁ፣ ያየሁት መጽሐፍ ላይ ወደ ኋላ አዙር ይላል ግራ ገባኝ።

ቦቢና፦
ወደ ኋላ ማዞሩ ለማቅለል ነው። የእሳቱ ተራ (ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ቅደም ተከተል) 1-4-3-2 ስለሆነ ወደ ኋላ ካዞርሽው 1-2-3-4 ሆኖ ይመጣልሻል፣ ግራ አያጋባም። ሞተሩ አድሮ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ጠዋት ሳይነሳ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሺ፣ ፑሌጃውን አዙሪና ምልክቱ ከሞተር ቋቱ መጋጠሚያ መስመር ጋር ሲገጥም ሮተሩም (ከክዳኑ ሥር የሚዞረው) በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ወዳለችው ጭረት ሲያይ 1ኛው ሲሊንደር ላይ ነሽ፣ እሱ በስተቀኝ ከፊት ያለው ነው። ሁለቱንም ቫልቮቹን አስተካክዪ። ከዛ ፑሌጃውን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣ ሮተሩ ሩብ ዙር ይሄዳል፣ አሁን 2ኛው ላይ ነሽ፣ ቀኝ ከኋላ። እንደገና ግማሽ ዙር 3ኛ፣ እንደገና 4ኛ። የመቆለፊያ ዳዶውን ስታጠብቂ ብሎኑን በካቻቢቴ ያዢው አብሮ እንዳይዞር፣ አጥብቀሽ ስትጨርሺ እንደገና ፑሽሮዱን በጣትሽ አዙሪው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፣ ዳዶው ሲጠብቅ ክፍተቱ ይለወጣል። የሮከር ዘንጉን ዳዶዎች ከ19 እስከ 25 ኒውተን ሜትር፣ ከዛ በላይ አትሂጂ። የሽፋኑን ጓርኒሲዮን አዲስ አድርጊ።

ማርሚታ፦
ሁላችሁም ስለ ፑሽሮድ ስታወሩ ያቺን ቀጭን ድምፅ ረሳችኋት። ግራ ከፊት ጥግ ማለት 3ኛው ሲሊንደር ነው፣ ቀዝቃዛ እያለ ተሰምታ ሲሞቅ የምትጠፋ ከሆነ ደግሞ እኔ ጭስ ነው የምለው። ጠዋት ልክ እንደተነሳ አንድ ሰው በወፍራም ጨርቅ የማርሚታውን ጫፎች ለትንሽ ሰከንድ ጫን ያድርግ፣ ድምፁ ከጎላ ጭስ እያስተነፈሰ ነው። ወይ ደግሞ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮሽ ጋ ሌላውን ጫፍ በመጋጠሚያው ዙሪያ አዙሪው፣ ፍ ፍ ፍ የሚል ትሰሚያለሽ። ቀዝቀዝ ሲል ቴስታታው ጋ ፍላንጁ ላይ ጥቁር ጥላሸት ፈልጊ። የዛን ቦታ ዳዶዎች ለመድረስ ያስቸግራሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ሳይጠብቁ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። የድሮ ጓርኒሲዮን መልሰሽ እንዳትገጥሚ፣ አንዴ ተጨፍልቋል።

ካንዴላውንም እይው በነካ እጅሽ፣ የላላ ካንዴላ ልክ እንደዚህ ነው የሚያስተነፍሰው።

ቀይዋ ቮልስ፦
ዜና አለኝ! ስምንቱንም በልል ዜሮ አስተካከልኩ፣ ራሴ ነኝ የሠራሁት። ሳስነሳው ያው እንደ ጠዋቱ ፀጥ ያለ፣ ነዳሁት በደንብ አሞቅኩት ቆምኩ፣ ሚኒሞ ላይ አውርጄ አዳመጥኩ፣ ያ እንደ ዝናብ የነበረው የለም። ቀስ ያለ የቮልስ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። በማግስቱ ቀዝቅዞ ከፍቼ ደገምኩት፣ ሁሉም በጣት ይዞራሉ አንዱም አልጠበቀም።

ማርሚታ ያልከውም ትክክል ነው፣ 3ኛው ላይ ፍላንጁ ጥቁር ሆኗል፣ አንደኛው ዳዶ በእጅ ነው የዞረልኝ። አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጌ አጠበቅኩት፣ ጠዋት ያቺ ቀጭን ድምፅ የለችም። ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ ሁለት ድምፅ ነው ባይሉኝ ሁሉንም ከቫልቩ ላይ ስፈልግ እከርም ነበር።

ጋሽ ቴስታታ፦
እሰይ ልጄ! እጅሽን ይባርከው። አሁን አንድ ሥራ ቀርቶሻል፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ቀይሪና ቫልቮቹን እንደገና እይ፣ ያገኘሽውንም ጻፊው የእያንዳንዱን። ዜሮ ላይ ስለሆንሽ የሚጠብቅ ካለ ቦታ የለሽም፣ ፑሽሮዱ በጣት አልዞር ያለው ቫልቭ ወይ መቀመጫው ላይ እየሰጠመ ነው ወይ ዘንጉ እየተለጠጠ ነው። 3ኛው የጭስ ቫልቭ ላይ ይሄን ካየሽ በቸልታ አትለፊው፣ ራሱ ተቆርጦ ፒስተን ላይ የሚወድቅ ቫልቭ ብዙ ጊዜ ከመቆረጡ በፊት እየጠበቀ ነው ምልክት የሚሰጠው።

አረንጓዴ ጂፕ፦
ይቅርታ በሌላ ጥያቄ ውይይታችሁ ውስጥ ስለገባሁ፣ የኔ ሞተር ሌላ ነው ሃይድሮሊክ ታፔት ነው ያለው፣ አዲስ ተሠርቶ ሲነሳ ይጮሃል። እኔም ክፍተት ልለካ?

ቦቢና፦
ሃይድሮሊክ የሚለካ ክፍተት የለውም፣ በዘይት ግፊት ራሱ ነው የሚሞላው። አዲስ ታፔት ባዶ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ መጮሁ ያለ ነው፣ አየሩ ወጥቶ ሲሞላ ይጠፋል። ሞቆም እየጮኸ ከቀጠለ ግን መጀመሪያ የዘይት ግፊቱን በሜካኒካል ጌጅ ለካ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ባለው መብራት አትመን፣ እሱ የሚበራው ግፊቱ በጣም ከወረደ በኋላ ነው።

ሰማያዊ 1300፦
እኔም ልጠይቅ። የኔም ቮልስ አዲስ የተሠራ ነው፣ ፑሽሮዴ ኦሪጅናል አሉሚኒየም ነው ማግኔት አይዝም አይቻለሁ፣ ክፍተቱም 0.15 ነው። ሰባቱ ደህና ናቸው፣ የ2ኛው ሲሊንደር መግቢያ ቫልቭ ግን ባስተካከልኩት ቁጥር መልሶ ይሰፋል፣ መጨረሻ ላይ 0.30 አገኘሁት። የሚሞቅ የሚቀዘቅዝ ነገር የለውም ሁሌ ይጮሃል። ካሙ አዲስ ነው ታፔቶቹ ግን ደህና ናቸው ተብለው የድሮዎቹ ናቸው የተመለሱት።

ጋሽ ቴስታታ፦
ወንድሜ ማስተካከሉን አቁም፣ መንዳቱንም ለጊዜው አቁም። የድሮ ታፔት አዲስ ካም ላይ አይመለስም። የታፔቱ ፊት ሲሠራ በጣም ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ታፔቱ እየዞረ እንዲሠራ። የተበላ ታፔት ፊቱ ጠፍጣፋ ወይ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ አይዞርም፣ አንድ ቦታ ላይ እየፋቀ ጉብታውን ይበላዋል። እየሰፋ የሚሄድ አንድ ክፍተት የሚነግርህ ይህንን ነው፣ የማስተካከያ ብሎኑ እየላላ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ዳዶው በደንብ ተቆልፎ እንደሆነ መጀመሪያ እይ። ከዛ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ሰዓት መሰል መለኪያ) ከቫልቩ ጎን አቁምና ኮሎውን በእጅ እያዞርክ ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈት ለካ። አራቱንም መግቢያ ቫልቮች ለካ፣ ክፍተታቸውን እኩል አድርገህ። 2ኛው ከሌሎቹ ካነሰ ካሙ ወይ ታፔቱ እየተበላ ነው። ዘይቱንም አውርድና ከታች ያለውን ወንፊት አውጥተህ የሚያብረቀርቅ የብረት ዱቄት ካለ እየው፣ ከሮከር ወይ ከሌላ ቦታ ሊመጣም ስለሚችል ብቻውን አይፈርድም፣ ከልኬቱ ጋር ነው የሚታየው።

ሰማያዊ 1300፦
ዳዶው ጥብቅ ነው ጋሼ አሁን አየሁት። ዳያል ጌጅ ነገ እዋሳለሁ።

ጋሽ ቴስታታ፦
እሺ፣ የአራቱንም ልክ በሚሊ ሜትር እዚህ ጻፈው፣ እናየዋለን።